ባሕሩ ሲሸሽ የሚገኙ ሴቶች

ከመንደራችን ሴቶች ሁሉ ምላሷ ስለታም የሆነችው አክስት ኒኮላሳ ናት። ዕድሜዋ ስድሳ ሦስት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሃምሳውን ዓመት ባሕር ዳር ባለው የማንግሮቭ ደን ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብላ ለምግብ የሚሸጥ ዛጎል ስትለቅም ኖራለች። አምስት ልጆች ያሳደገችው በዚያ ነው። ትንንሹን ዛጎል ግን አትወስድም። በአውራ ጣቷ ለክታ "ሂጂ፣ አድገሽ ውለጂ" ብላ ወደ ጭቃው ትመልሳታለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ኩባንያ ደኑን ቆርጦ፣ ጭቃውን በአፈር ሞልቶ ሁለት መቶ ቤት ሊሠራበት ተነሣ። የኩባንያው ሰዎች ስለ ቦታው ያስጠኑትን ጥናት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰብስበው አነበቡልን። "ሰው የማይጠቀምበት ባዶ መሬት" ይላል። ደሜ ፈላ። አጥኚዎቹ የሚመጡት ለጀልባቸው እንዲመቻቸው ባሕሩ ሲሞላ ነው። ያን ጊዜ እኛ ቤታችን ነን፤ ዛጎል የሚለቀመው ውሃው ሲሸሽ ነዋ!

አክስት ኒኮላሳ ብድግ ብላ ጥናቱን ይዞ ወደ ቆመው ኢንጂነር ዞረች።

"ኢንጂነር፣ ነገ ጠዋት ውሃው ሲሸሽ ና። ጫማህን ግን አውልቅ፣ ያሳዝነኛል።"

መጣ፤ ከነጫማው። አሥር እርምጃ ሳይሄድ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ።

"ዶኛ፣ እጅዎን ይስጡኝ!" አላት፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራው ዶኛ ተብላ ነው።

"እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ጻፍ።"

"ምን ልጻፍ?"

"ያየኸውን ነዋ። ዐይን የለህም እንዴ?"

"ከወጣሁ በኋላ እጽፋለሁ።"

"እንደ ፈለግህ። ውሃው በአምስት ሰዓት ይመለሳል" ብላ መልቀሟን ቀጠለች። እኛ በሳቅ ፈነዳን።

ደብተሩን አወጣና ቆጠረን። "አርባ ሦስት ሴቶች እዚህ ይሠራሉ" ብሎ መጻፉን ጮክ ብዬ ካነበብኩላት በኋላ ነው ጎትተን ያወጣነው። አንድ ጫማው እዚያው ቀረ።

ይህን በመጻፉ ኩባንያው ሰውዬውን ከሥራው አነሣው። አዲሱ ኃላፊ አክስት ኒኮላሳን ቱማኮ ከተማ ወዳለው ቢሮው አስጠራት፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ሌሎቻችን ቦታውን እንድንለቅ ካሳመነች አንድ ቤት በነጻ እንደሚሰጣት ነገራት።

"ቤትማ አለኝ፤ ጣሪያው ትንሽ ያፈሳል እንጂ" አለችው። "አንተ የምትሠራው እንጀራዬ ላይ ነው።"

"ፈቃድ አለን፣ ዶኛ። ማሽኖቹ ሰኞ ይገባሉ።"

"ይግቡ። ሰኞ እኛም ሥራ ላይ ነን። አፈሩን እላያችን ላይ ትደፋዋለህ እንግዲህ።"

ዛሬ እሑድ ነው። የዛጎል መልቀሚያ ባልዲዬን ለነገ አጥቤ በር ላይ አስቀምጫለሁ። አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። መቅረት ግን አልቀርም።