ቦዔዝና የዙሪያው መንገድ

የአሶሳው መምህር ቦዔዝ የቃል ነገር አይሆንለትም። እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ፈረንሳይኛም ለፈለገ ሁሉ በነጻ ያስተምራል፤ ፈላጊ ግን እምብዛም የለውም። አንድ የሚወደው ትምህርት ነበረው።

«ዴቪዬሽን ሲሉ እንግሊዞች ፊታቸውን ያጠቁራሉ» ይላል ጠመኔውን እያወናጨፈ። «ከደንብ የወጣ፣ ሲብስም ጠባዩ የተበላሸ ማለታቸው ነው። ፈረንሳዮች ግን መንገድ ዳር ይለጥፉታል። ዴቪያስዮን! መንገዱ ተዘግቷል፣ በዚህ ዞረህ ትመለሳለህ ነው። ከልኩ የራቀበትን መጠን ደግሞ ኤካር ይሉታል። ሰው የሚለው ሌላ፣ ሊል የፈለገው ሌላ፤ ቋንቋ ማወቅ ያንን ኤካር መለካት ነው።»

በዚህ መለካቱ ይኮራ ነበር። ምነው ባልኮራ!

ክረምት ሊገባ ሲል እህቱ ዘነቡ ከማንቡክ ደወለች። እናታቸው የምትኖረው እሷ ዘንድ ነው። «እማዬን ትንሽ አሟታል። አይዞህ፣ ብቻ ቶሎ ና» አለችው።

በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ለሩቁ ዘመድ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ እውነቱን የሚሰማው እቤት ደርሶ፣ ሰው ከቦት ነው። አባታቸው ሲሞቱም «ትንሽ አሟቸዋል» ተብሎ እየከነፈ ሄዶ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነበር። ስለዚህ ቦዔዝ ስልኩን ዘግቶ አለቀሰ።

ጎረቤቱ ነጋዴው ጀዕፈር ልቅሶውን ሰምቶ ገባና በተሰባበረ አማርኛው ጮኸበት። «ወላሂ፣ አንተ ደውል! እናት ስልክ ላይ ይምጣ፣ ድምፁን ስማ። እኔ ጋር መኪና አለ፣ አሁን በጉባ በኩል ይሄዳል። ነገ ማንቡክ ነህ።»

«ምን ብዬ ልደውል? እህቴን ላስጨንቃት?» አለ ቦዔዝ። በጭነት መኪና ላይ መንገላታቱም አልታየው። እናቱ ሞታለች፤ ከእንግዲህ ምን ያስቸኩላል? ስልኩንም አጠፋ፤ ዘነቡ ደግማ እንድትዋሽ አልፈለገም።

በማግስቱ በአውቶቡስ በወለጋ ዞረ። ነቀምት አድሮ ጥቁር ሸሚዝ ገዛ። በቡሬ አድርጎ ቻግኒ ደረሰና እዚያም አደረ። መንገዱን ሁሉ ልቡ በሐዘን ቢቆስልም መሞቷን አንድም ጊዜ አልተጠራጠረም።

ማንቡክ ደርሶ ከእህቱ ደጅ ሲቃረብ እንደ ወጉ ጩኸቱን ለቀቀው። «እማዬ! እማዬ!» ሴቶች ከግቢው ወጥተው ደገፉት። ዘነቡ ፊቷ አብጦ መጣች።

«ማን ነገረህ?» አለችው።

«ያኔ ስትደውዪ ገብቶኛል እኮ፣ እህቴ።»

«ምኑ ነው የገባህ? ያረፈችው ዛሬ ጠዋት ነው! አሟታል አልኩህ፤ አሟት ነበር። ድምፅህን ልስማ ስትል ስልክህ ዝግ። ሌሊቱን ሙሉ ቦዔዝ የት ደረሰ ስትል ነው ያደረችው።»

ዘነቡ ዓይኗን ሸሚዙ ላይ ጣለች። አዲስ ነው፤ የመታጠፊያው መስመር ገና አልጠፋም።

«ይሄን የት ገዛኸው?»

ያ ሁሉ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አንዲት ውሸት እንኳ አልመጣችለትም።

«ነቀምት» አለ።

ዘነቡ እጇን ከትከሻው ላይ አነሳችና ወደ አስከሬኑ ተመለሰች።