ሳይጠሩት የሚሄደው ጴጥሮስ

ጴጥሮስ በጉርምስናው ጨለለቅቱ ከተማ ላይ ግማሽ ጆንያ ጀንፈል ቡና ሰርቆ አንድ ዓመት ታስሯል። እሱም አልካደም፣ እኔም አልሸፋፍንለትም። ከዚያ ወዲህ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዲላ ውስጥ የነጋዴ ቡና ሲሸከም አንዲት ፍሬ አላጎደለም። ለፖሊሶቹ ይህ ምናቸውም አይደለም። ከተማው ውስጥ ዶሮ እንኳ ብትጠፋ መጀመሪያ የሚያዘው ጴጥሮስ ነው። ሦስት ቀን አስረው ይገርፉትና «ሂድ» ይሉታል። አሥር አለቃው «አዲስ ሌባ ከመፈለግ የታወቀውን መያዝ ይቀላል» ይል ነበር። እውነቱን ነው፣ ይቀላል።

በልጆቹ ፊት እየተጎተተ መወሰዱ ሲያንገፈግፈው ጴጥሮስ አንድ ዘዴ አበጀ። ስርቆት በሰማ ቁጥር ጋቢውን ይደርብና በገዛ እግሩ ጣቢያ ይገባል። ፖሊሶቹም ለምደውት «መጣህ?» ብለው ይስቃሉ። እኔም ልብስ ከምሰፋበት በረንዳ ሆኜ «ደህና ሰንብት!» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በ1960 ዓ.ም. ጥር ላይ ልጁ ጸሐይ ልትዳር ሆነ። ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ የእሱንም አሮጌ ኮት አዲስ እንዲመስል ለሠርጉ ውስጡን ወደ ውጭ እየገለበጥኩለት ነበር። ጴጥሮስ የሚፈልገው በአባት ወንበር ተቀምጦ ልጁን መርቆ መዳር ብቻ ነበር። ሠርጉ እሁድ ነው። ሐሙስ ጠዋት ኮቱን ሊለካ ሲመጣ፣ የጎረቤቴ የፈድሉ የቡና መጋዘን ተሰብሮ ማደሩን ነገርኩት። ፈድሉ ገና ምን እንደጎደለው እያየ ነበር።

«ጋሽ ገበየሁ፣ አሁን ከገባሁ ቅዳሜ ይለቁኛል» አለኝ ጴጥሮስ። «ጸሐይ እሁድ ነው የምትዳረው።» ጋቢውን እንኳ ሳያመጣ ሮጠ።

ያጠፋው ይህ ሩጫ ነው። አሥር አለቃው ስለ ስርቆቱ ምንም አልሰማም ነበር። «አመልካች ሳይመጣ አንተ እንዴት አወቅህ?» ብሎ አፋጠጠው። ጴጥሮስ የእኔን ስም ጠራ።

አስጠሩኝና ሄድኩ። አሥር አለቃው መዝገቡን ገልጦ «የነገርከው አንተ ነህ? በል ስምህን ከነአባትህ ተናገር» አለኝ። ስሜ እዚያ መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ጋቢ ደርቤ ስመላለስ ታየኝ። ፈራሁ። ጴጥሮስ ጥግ ተቀምጦ ያየኛል።

«የነገርኩት ነገር የለም» አልኩ።

ኋላ አራት ዓመት ፈረዱበት።

ድግሱ ተደግሶ ስለነበር ሠርጉ አልቀረም። እሁድ ጠዋት በአባት ወንበር የሚቀመጥ ሰው ሲታጣ፣ ሽማግሌዎቹ «ጋሽ ገበየሁ ወዳጁ ነው» ብለው እኔን አስቀመጡኝ። ጸሐይ እኔ በሰፋሁት ቀሚስ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች።

«ጣቢያ ድረስ ሄደው ለአባቴ መስክረውለታል አሉኝ» አለች እያለቀሰች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

እኔም መረቅኳት።