ለአያ ዘለቀ ያልተረጎምሁት

ባለፈው ሳምንት ራሴን አሞኝ ተኝቼ ሳለ፣ ልጄ ለጋ ቅቤ በጣባ ይዛ መጣችና «አናትሽ ላይ ላድርግልሽ፣ ይሻልሻል» አለችኝ። ሽታው ገና አፍንጫዬ ሲደርስ እጇን መታሁት። ቅቤው ከነጣባው ተደፋ። ልጄ ደንግጣ «ምን ሆነሻል?» አለች። ምን እንደሆንሁ ለመናገር ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ የሥራ ሰዓት ደርሶባት ነበር። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

ንጉሡ ወርደው ደርግ መንግሥት በሆነ በዓመቱ ገደማ ደባርቅ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በእንግሊዝኛዬ የምኮራ፣ ለመታየት የምቸኩል ልጅ። ያን ጊዜ ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት የሚመጣ ፈረንጅ ገና አልጠፋም። ኅዳር ላይ አንድ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝ አድሚራል መጣና አስተርጓሚ ሲፈለግ እኔ ተጠራሁ። ረጅም፣ ፊቱ የቀላ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሽማግሌ ነበር። ቡይት ራስ ከሚባለው ቦታ በላይ ሦስት ቀን አፋፍ ለአፋፍ ሄድን። ጧት ጧት ቆላው በጉም ሲሸፈን ቆሞ ያይና «መርከቤ ላይ ያለሁ ይመስለኛል» ይለኝ ነበር። ያገሬው ሰው «የባሕሩ ጄኔራል» አለው።

በአራተኛው ቀን ስንመለስ ኅዳር ሚካኤል ነበር። አያ ዘለቀ የሚባሉ ገበሬ መንገድ ላይ ጠብቀው «በሚካኤል ቀን እንግዳ ደጄን አልፎ አይሄድም» ብለው አስገቡን። ልጃቸው ጥጋቡ ተማሪዬ የነበረ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ ቤቱ አዲስ ጭድ አዲስ ጭድ ይላል። ጎረቤትም ተሰብስቦ ነበር። የበግ ወጥ በገብስ እንጀራ ቀረበ፣ ወፍራም ጠላም ተቀዳ። አድሚራሉ በእጁ ሲበላ መረቁ በክንዱ እየወረደ አስቸገረው። የቤቱ እመቤት እትዬ ጥሩነሽ «ባሕር ለምደው ነው፤ መረቁም ይከተላቸዋል» ብለው አሳቁን።

ከምሳ በኋላ አያ ዘለቀ ስለ ሥራው ጠየቁት። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት እንደገባ፣ ዕድሜውን በውሃ ላይ እንደፈጀ፣ ከታናሽ መኮንንነት እስከ አድሚራልነት እንደወጣ ተረጎምሁ። ቀላል ሥራ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ከዚያ አያ ዘለቀ ጋቢያቸውን አስተካክለው ዋናውን ነገር አመጡ።

«እስቲ እቴ፣ ይኸን ጠይቂልኝ። ይኸ ልጅ ምጽዋ ወርጄ ባሕር ኃይል ካልገባሁ ብሎ አላስቀምጠኝ አለ። እናቱ አይሆንም ትላለች፤ እኔም መሐል ቆሜያለሁ። ዘራችን ባሕር አያውቅ፣ ማንን ልጠይቅ? እርሳቸው አባቱ ቢሆኑ ይሰዱት ነበር?»

ተረጎምሁለት። አድሚራሉ ዋንጫውን አስቀመጠ። ጥጋቡን አየው። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«በዓለም ጦርነቱ ጊዜ የመርከብ አዛዥ ነበርሁ። ተመታን፤ ውሃ ገባ። የታችኛው ክፍል የብረት በር ካልተዘጋ ሁለት መቶ ሰው ይሰምጣል። ዝጉት ብዬ አዘዝሁ። ከበሩ ወዲያ አሥራ አንድ ልጆቻችን ነበሩ። በሩን ሲደበድቡ ሰማኋቸው፤ እስኪያቆሙ ድረስ ቆሜ ሰማሁ። ትንሹ የዚህን ልጅ ያህል ነበር። ለዚህ ሥራ ሜዳሊያ ሰጡኝ፤ ማዕረጌም ማደግ የጀመረው ያኔ ነው። ለአባቱ ንገሪያቸው። ልጅዎን አይስጡ በያቸው።»

ቤቱ ሁሉ የኔን አፍ ያያል። የገዛ ወገኑን ቆልፎ ያስገደለ ሰው በሚካኤል ቀን አብልታችኋል ብዬ እንዴት ልናገር? እንግዳው እንዳይዋረድ ፈራሁ። እውነቱን ከተናገርሁ አይቀር ደግሞ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ በኔ አፍ እንዲበላሽ አልፈለግሁም። እንዲህ አልሁ፦

«ጠላት መርከባቸው ውስጥ ገባ። በሩን ዘግተው አሥራ አንድ ጠላት በውሃ ጨረሱ፤ ሁለት መቶ ወገናቸውን አዳኑ። በዚህ ተሸለሙ፣ ማዕረግ አገኙ። ሥራው ከባድ ነው፣ ግን ወንድ ይወጣዋል ይላሉ።»

በኛ አገር ጠላት የገደለ ሰው አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። ይህን እያወቅሁ አላሰብሁትም። አያ ዘለቀ ብድግ አሉና «ጥሩነሽ፣ ቅቤ አምጭ» አሉ። እፍኝ ሙሉ ወስደው በዚያ ነጭ ጠጉር ላይ አደረጉለት። ሴቶቹ እልል አሉ። ቅቤው በግንባሩ ሲወርድ አድሚራሉ ዐይኑን ጨፍኖ አለቀሰ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሰውየው አያ ዘለቀ ኃጢአቱን ሰምተው ይቅር ያሉት መስሎታል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ዘመን ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነገጠኝ ግን የለም።

ወደ ደባርቅ ስንወርድ «የሰው ልጆች እንዳስገደልሁ ነግሬው አንድ አባት ራሴን ቀባኝ» አለኝ። የተቀመጠባትን በቅሎ ልጓም ይዤ ቁልቁለቱን አስወረድኋት።

ጥጋቡ ከጥምቀት በፊት ሄደ። እናቱም ከዚያ ቀን በኋላ አይሆንም አላሉም። ለፋሲካ ገደማ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ከእንግሊዝ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ያ ልጅ ከአባቱ ጋር እያረሰ መሆኑን ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የምደሰትበት እሱ ነው» ይላል። ክፍል ውስጥ፣ ተማሪ ፊት ነበር ያነበብሁት። አጥፌ መጽሐፌ ውስጥ ከተትሁት። መልስ አልጻፍሁለትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በደርግ ዘመን ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ የጥጋቡ መርዶ መጣ። መርከቡ ተመታ ከማለት በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሬሳም የለ። ለቅሶው ላይ አልቃሿ እንዲህ አለች፦

«ወንድ ይወጣዋል ብሎ ባሕረኛው ሲመክር፣
ሰምቶ ሄደ ጥጋቡ ውሃ ላይ ሊቀበር።»

ውሸቴ ግጥም ሆኖ ሲለቀስበት ስሰማ ለመውጣት ተነሳሁ። ሰው ኀዘን መስሎት ደግፎ አወጣኝ። አያ ዘለቀም ሳልነግራቸው ሞቱ።

ቅቤው በተደፋ ማግስት፣ ራሴ ሳይሻለኝ፣ እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ ሄድሁ። አሁን መንኩሰው ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ይኖራሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉን ነገርኋቸው፤ ያለውን፣ ያልሁትን፣ ደብዳቤውን። አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ቆጥረው ጨረሱ።

«እሱስ ይሄድ ነበር፤ ልቡ ከሸፈተ ቆይቷል» አሉ በመጨረሻ።

ቀለል ሊለኝ ሲል ቀጠሉ።

«ስንቁን ግን በገዛ እጄ አልቋጥርለትም ነበር።»

ልጁን የሰደድሁት እኔ ነኝ እያልሁ ሃምሳ ዓመት ስቃጠል ኖሬያለሁ። እናቱን ምን እንዳደረግኋቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም ነበር።