ከማግኔት የወጣ ቅዝቃዜ

የምሠራበት የፍሪጅ ጥገና ቤት ከጊዮርጊስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ ቴርሞሜትር አያምኑም። ጋዝ ሞልተው ሲጨርሱ ቱቦውን በመዳፋቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ቁጥር አይበርድም» ይላሉ። እኔም የለመድኩት እንዲሁ ነው።

በመስኮቱ በኩል ያለችው የጠረጴዛ ጥግ የኔ ናት። ከሥራ በኋላ ያነበብኩትን እሞክርባታለሁ። ባለፈው ዓመት ግን ለአሮጌ ኮምፕረሰሮች፣ ለፍሪጅ ሞተሮቹ፣ ቦታ ጠፋና ጋሼ ጥጓን ፈለጓት።

ያኔ የማነበው ስለ ጋዶሊኒየም ነበር። ብርማ ብረት ነው። ማግኔት ውስጥ ሲገባ ይሞቃል፤ እዚያው ሙቀቱን አስረክቦ ሲወጣ ከነበረው በታች ይቀዘቅዛል። ያለ ጋዝ፣ ያለ ኮምፕረሰር። ዘመዶቹ፣ ኤርቢየምና ሆልሚየም ያለባቸው ቅይጦች፣ በላብራቶሪ ሃይድሮጅንን ፈሳሽ እስከሚያደርግ ብርድ ድረስ ይሠራሉ። ጋዶሊኒየም ግን የሚመቸው ሃያ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የፒያሳ ረፋድ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

አራት ኪሎ የሚያስተምሩ ደንበኛችን የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ሰጡኝ። ማግኔቶቹን ከተበላሹ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስኮች ፈታሁ።

«ጋሼ፣ ማግኔት ሲያበርድ ላሳይዎት?»

«ከበረደኝ ጥጓ ያንተ። ካልበረደኝ ኮምፕረሰሮቹ ይገባሉ።»

አንዱን ቁራጭ ማግኔቶቹ መሃል አቆይቼ አወጣሁና በአንድ መዳፋቸው አስቀመጥኩላቸው፤ ማግኔት ያላየውን በሌላው። ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሁለቱም እንደ እጄ የሞቁ ናቸው» አሉ።

ጎረቤታችን ማኪያቶ የምትሸጠው ሴት በበሩ ብቅ ብላ፣ «አይዞህ፣ ሐምሌ ሲገባ ያበርድልሃል!» አለችኝ።

ወደ ቤት ስሄድ ገባኝ። ለውጡ ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ የጋሼ መዳፍ ገና ሲጨብጠው አጠፋው። ሌላ ሰው ቢሆን ይለካው ነበር። እኛ ጨበጥነው።

በማግስቱ ስገባ አንድ ኮምፕረሰር ጥጌ ላይ ተቀምጧል። ቁራጮቹን እጄ እንዳያሞቃቸው በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ያዝኳቸው።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ። በእጅ ሳይሆን በከንፈር።»

«ጭራሽ ልሳመው?»

«ይሳሙት።»

በሩ ላይ የቆመችው ጎረቤታችን ሳቋን መያዝ አቃታት። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደ ትናንቱ አንዱን ከማግኔቶቹ መሃል አውጥቼ፣ ሁለቱን በየተራ ከንፈራቸውን አስነካሁና «የቱ ይበርዳል?» አልኩ።

«ሁለተኛው።»

ተራውን ቀየርኩ።

«አሁን የመጀመሪያው። አንተ! ድገም እስቲ።»

ደጋገምኩ። አንዴም አልተሳሳቱም። ከዚያ ኮምፕረሰሩን ከጥጌ አነሱና የራሳቸው ወንበር ሥር ገፉት።

«በዚህ አንድ ቢራ መቼ ታቀዘቅዝልኛለህ?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ጥግህን ጥረጋት። ዘይት ነክቷታል።»