ኪመን በእናቴ ሙቀጫ

የሻይ ጣሳውን ስከፍተው የጥድ ጢስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ባልደረባዬ ከቻይና ስትመለስ ያመጣችልኝ ነው። እሷ «ኧረ ክደኚው!» ብላ አፍንጫዋን ያዘች፤ እኔ ግን በሐሳብ ወላይታ ሶዶ ደርሼ ነበር፣ በሚሌኒየሙ ሰሞን፣ ወደ ተበላ ከተማ መውጫ ካለው የመንገድ ሥራ ካምፕ።

ያኔ ከኮሌጅ እንደወጣሁ ካምፑ ውስጥ በአስተርጓሚነት ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ በዕድሜ የገፋ ቻይናዊ መሐንዲስ ነው፤ በእንግሊዝኛና በእሱ ስብርባሪ አማርኛ እንግባባለን። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ነጫጭ ሲኒዎች ደርድሮ ዓይነት ዓይነት የአገሩን ሻይ ሊያስቀምሰኝ ይጠራኛል። እኛ ጥቁር የምንለውን ሻይ እሱ ቀይ ይለዋል። ስኳር ፍለጋ እጄን ስዘረጋ መታ አድርጎኝ «ስኳር የለም! መጀመሪያ አፍንጫ!» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ሁሉም እንጨት እንጨት ነበር ያሉኝ። ውሎ አድሮ ግን ተለዩልኝ። ዩናን ከሚባለው ክፍለ ሀገር የመጣው ከረመጥ እንደወጣ ስኳር ድንች ይሸታል። ኪመን የሚሉት ቀጭኑ ቅጠል ለስለስ ብሎ ይገባና ኋላ ላይ ምላስ ላይ ይጣፍጣል። በጥድ ጢስ የደረቀውን ስቀምስማ «ይሄ የአያቴ ቤት ጣሪያ ነው!» ብዬ ጮህኩ። መሐንዲሱ ከሳቁ ብዛት መነጽሩን አወለቀ።

ከዚያ ካምፑ ወደ አፋር ሊዛወር ሆነ፤ እኔም አብሬ እንድሄድ ተጠየቅኩ። ከዞናችን ወጥቼ አላውቅም፤ ልቤ ቆመ። እናቴ ግን «ሴት ልጅ በማላውቀው አገር፣ ከማላውቀው ሰው ጋር? አይሆንም» ብላ ደረቀች። አባቴ ስለሞተ ቃሏ የመጨረሻ ነው። ብለምን ባለቅስ አልሰማ አለች። በኋላ መሐንዲሱ ራሱ ሊያስፈቅድልኝ፣ የሚሳሳለትን ኪመን ይዞ ቤታችን መጣ።

እናቴ ስጦታውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጓዳ ገባች። የሙቀጫውን ድምፅ ስሰማ ክው አልኩ። እኛ ቤት የሚፈላ ቅጠል ሀይታ ነው፤ የቡና ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተወቅጦ፣ ጨው ገብቶበት። ኪመኑንም እንደዚያው አድርጋ አፍልታ አቀረበችለት።

እንደ ልማዱ መጀመሪያ አሸተተ። ከዚያ ተጎነጨ። ፊቱ ቀላ፣ እንባው መጣ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ቀስ እያለ ጨረሰውና ሲኒውን ዘረጋላት።

«እማማ፣ ድገሚ።»

ቀዳችለትና አጠገቡ ተቀመጠች።

«እናት አለው?» አለችኝ።

ጠየቅኩት። «አዎ፣ እናት አለችኝ፤ ብቻዋን ናት፤ ካየኋት ቆየሁ» አለ። እናቴ ሲኒውን አየት አደረገች።

«የኔን እጅ አልናቀም፣ አንቺንም አይንቅም» አለች። «ንገሪው፤ ይቺ ልጅ ትሄዳለች። እናቱንም ሄዶ ይያት በይው።»

ስለምነው የከረምኩት ቃል ነበር። ለመተርጎም አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ ግን እምቢ አለኝ። እንድትከለክለኝ እመኝ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«ምነው? ንገሪው እንጂ» አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ። የእሷም ድምፅ እየተቆራረጠ ነበር።