ወንድሜን አሞት ነው አልኳት

አሜጃ ከደባርቅ በላይ ባለው ደጋ የሚበቅል ባለቢጫ አበባ ቁጥቋጦ ነው። የእኔ የቤተ ሙከራ ሥራ ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቄ፣ ወቅጬ፣ ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር አጣርቼ በጭንቀት ብዛት ድብርት ለያዛቸው አይጦች መስጠት ነበር። የምናስጨንቃቸውም እኛው ነን፤ ጠባብ ቱቦ ውስጥ እንዘጋባቸዋለን፣ ጉዝጓዛቸውን እናረጥባለን። ከዚያ ውኃ ውስጥ እንከታቸዋለን። ተስፋ የቆረጠች አይጥ መዋኘቷን ትታ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። አሜጃ የወሰደችዋ ግን ቶሎ እጅ አትሰጥም።

ይህን እያጠናሁ ነው እኔው የታመምኩት። መጀመሪያ ጠዋት መነሳት አቃተኝ፤ ቀጥሎ መታጠብ ተውኩ። ሰው ፊት ቆሜ ስለ ድብርት የማስረዳ ሴት ሆኜ የበሽታውን ስም በራሴ ላይ ለመጥራት አፈርኩ። እናቴ ስትደውል «ጨጓራዬ ነው» እላታለሁ።

ሳታምነኝ ቀርታ ኖሮ ታላቅ ወንድሜን ከማክሰኝት ላከችው። ገበሬ ነው። ማራኪ ሰፈር የተከራየኋትን ክፍል ሲከፍት ሽታው በር ላይ አስቆመው። ልብሴን ሰብስቦ፣ አከራዬ እያየችው፣ ግቢው ውስጥ ማጠብ ጀመረ።

«አያ፣ ተው በናትህ፤ ሰው ያያል።»

«ምነው? ልብስ ነው የማጥብ፣ ምን ሰረቅሁ?»

የውስጥ ልብሴን ሳይቀር ገመድ ላይ ሲያሰጣ በመስኮት አየሁትና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደኝ። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ አይጦቹን አብራኝ የምትመዝን ባልደረባዬ በኮሪደሩ መጣች።

«ውይ፣ ምን ሆነሽ ነው እዚህ?»

«ወንድሜን አሞት ነው» አልኳት።

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና «አዎ፣ አልፎ አልፎ ያመኛል» አላት። እሷም «አይዞህ» እያለችው ሳለ ነርሷ ብቅ ብላ ስሜን ጠራች። ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ ብድግ አለ።

«የሴት ስም ነው የጠራሁት» አለችው ነርሷ።

ተነሳሁ። ባልደረባዬን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

አሜጃውን ራሴ ብወስደው ምን ይመስልዎታል ብዬ ሐኪሙን ጠየቅኩት።

«አይጥ ዋኘች ማለት ሰው ዳነ ማለት አይደለም» አለኝ። «ለሰው ስንት እንደሚበቃ አናውቅም፤ ጉበትሽን ምን እንደሚያደርገውም አናውቅም። ይሄን እኮ አንቺም ለሰው ትነግሪያለሽ።»

እነግራለሁ፤ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ኪኒን አዘዘልኝ፤ እየተመላለስኩም እንዳነጋግረው ቀጠረኝ። ወንድሜ መነሳት እስክጀምር አብሮኝ ሰነበተና ወደ እርሻው ተመለሰ።

ሥራ በገባሁ ቀን ባልደረባዬ አይጥ እየመዘነች ነበር። ዓይኗን ከሚዛኑ ሳታነሳ «ወንድምሽ ተሻለው?» አለችኝ።

መሸሻ ልትሰጠኝ እንደሆነ ገባኝ።

«ተሽሎኛል» አልኳት፣ አንገቴን እንደደፋሁ።

እሷም ቀጣዩን የአይጥ ሳጥን እንዳቀብላት እጇን ዘረጋች።