ደባርቅ ላይ ያጣሁት መቶ ዲግሪ

ሦስት ዓመት ሙሉ ደባርቅ ላይ ውሃ በመቶ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብዬ አስተምሬያለሁ። በቀይ አስምሬበታለሁ፣ ለፈተናም አውጥቼዋለሁ። ዘጠና ዘጠኝ የጻፈ ተማሪ ቢመጣብኝ ያለ ርኅራኄ ዜሮ እሰጠው ነበር። ጥንቁቅ መምህርት ነኝ። ክፍል ከመግባቴ በፊት አማትባለሁ፤ ካማተብኩ በኋላ ደግሞ ጠመኔዬን እቆጥራለሁ።

አገሬ ሐዋሳ ነው፤ እናቴ እዚያ ብቻዋን ትኖራለች። ደባርቅ የተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት የአንዲት መነኩሴ ግቢ ውስጥ ናት። የእማሆይ ባለቤት ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ እማሆይ ቆብ ደፉ። በጾም ከትምህርት ቤት ስመለስ ባቄላ እጥዳለሁ። የአንድ ክፍል ደብተር አርሜ ስጨርስ ውሃው እየተንተከተከ፣ ባቄላው ግን እንደ ጠጠር ሆኖ ይጠብቀኛል።

«የደጋ ውሃ ይጮኻል እንጂ አያበስልም፤» አሉኝ አንድ ቀን እማሆይ። «ቆላው ዛሪማ፣ ልጄ ዘንድ ወርጄ አይቻለሁ። እዚያ ጥደሽ ዞር ሳትዪ ይፈርሳል።»

እኔም ለአላዋቂ በሚገባ ትዕግሥት፣ «እማሆይ፣ ውሃ የትም ቢሄዱ ውሃ ነው። በመቶ ይፈላል፤» አልኳቸው።

«መቶውን ማን ቆጠረው ልጄ?»

አዘንኩላቸው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ወደ አገሬ ዝውውር ጠይቄ፣ ሁሉ አልቆልኝ፣ የቀረኝ ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብተው አይተው የሚሰጡኝ ነጥብ ብቻ ነበር። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ በደወልኩ ቁጥር «መቼ ነው?» ትለኛለች። ስለዚህ ለዚያ ቀን ጨርሶ የማይሳሳት ትምህርት መረጥኩ፤ ሞለኪውሎችን እርስ በርስ የሚያያይዛቸውን ኃይል። ውሃ ሲፈላ ያ ማሰሪያ ይፈታል፣ ሞለኪውሎቹ ወደ አየር ያመልጣሉ፣ ቴርሞሜትሩ መቶ ላይ ይቆማል፣ እኔ ሐዋሳ እገባለሁ።

በዋዜማው ከሰዓት ብቻዬን ሞከርኩት። ውሃው ተንፈቀፈቀ፤ ቴርሞሜትሩ ዘጠና አንድ ላይ ቆመ። ከሰል ጨመርኩ፣ አራገብኩ፣ በስመ አብ አልኩ። ዘጠና አንድ። የትምህርት ቤቱ ቴርሞሜትር ይኸው አንዱ ነው፤ እሱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ መጽሐፍ አይበላሽማ። በማግስቱ ንባቡን ራሴ ላነብና መቶ ልል ወሰንኩ። ውሸት አልመሰለኝም። የቴርሞሜትሩን ነውር መሸፈን ነው፤ የሌላውን ነውር መሸፈን ደግሞ ጽድቅ ነው ብዬ ተኛሁ።

ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ውሃው መፍላት ሲጀምር፣ «ንባቡን ተማሪ ታንብበው፤» አሉ። ከፊት የተቀመጠች የቄስ ልጅ ተነሣች።

«ዘጠና አንድ።»

«ቆዪ፣ ይጨምራል።»

ቆየች። የውሃው እንፋሎት ፊቷን አላበው።

«ዘጠና አንድ ነው ቲቸር።»

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«መጽሐፉማ መቶ ይላል።»

«እንግዲያው?»

«መጽሐፉ እኮ ይሄን ውሃ አላየውም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «በይ መቶ ብለሽ ሰሌዳው ላይ ጻፊ፤» አልኳት ጥርሴን ነክሼ።

«ያላየሁትን? በሐሰት መመስከር አይሆንብኝም ቲቸር?»

«ዛሪማ እናውርደዋ!» አለች ሌላዋ ከመስኮቱ በኩል። «እዚያ እንኳን ውሃው ድንጋዩም ይበስላል!»

ነገሩ የበራልኝ ያኔ ነው። የሚያሳፍረው አለማወቄ ሳይሆን ማወቄ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ ፈተና አጥንቼው፣ ጽፌው፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጣ ከላይ የሚጫነው አየር ይሳሳል፤ ሞለኪውሎቹ ለማምለጥ ያን ያህል ሙቀት አይሹም፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ባቄላ ለማብሰል ያንሳል። ትምህርቱ ስለ ሌላ ሰው ተራራ ይመስለኝ ነበር። እኔ የስሜን ተራራ ጥግ ተቀምጬ።

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ብል ያልፍልኝ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ የታሪክ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው፤ አይከራከሩኝም። ሐዋሳ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ልጅቱ ጠመኔዋን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ዘጠና አንድ ብለሽ ጻፊ፤» አልኳት። «ሦስት ዓመት ሙሉ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ስለ አየሩ፣ ስለ ዛሪማ፣ ስለ ባቄላዬም ሳይቀር ነገርኳቸው።

ሱፐርቫይዘሩ ብዙ ጻፉ። ዝቅተኛ ነጥብ እየጠበቅሁ ከፍተኛውን ሰጡኝ፤ «ሳይንስን ከአካባቢው ኑሮ ጋር ያዛመደች ብርቅ መምህርት» ብለው። ርዕሰ መምህሩ ይህን አንብበው፣ እንዲህ ያለችውንማ አንለቅም አሉ። ዝውውሬ በምስጋና ደብዳቤ ቀረ። ቀጣዩ ምዕራፍ የኬሚካል ሚዛን ነበር፤ ሚዛኑን የጠበቀን ነገር ባንድ ወገን ሲጫኑት ጫናውን ወደሚያቀልለት ወገን ያዘነብላል። በራሴ ላይ ስላየሁት መጽሐፍ ሳልገልጥ አስተማርኩት።

እማሆይን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «መቶውን ተይው ልጄ፤» አሉኝ፤ «ባቄላውን ቀድመሽ ዘፍዝፊው።» ይህንንም ሦስት ዓመት ሙሉ ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፤ ግን አልጠየቅኋቸውም።

ለእናቴ ደውዬ መቅረቴን ከነምክንያቱ ነገርኳት።

«ዋሽተሽ ቢሆን ኖሮ ትመጪ ነበር?»

«ይመስለኛል።»

ጉልበቷን ስታሽ እንደምታደርገው ትንፋሿን ሳብ ስታደርግ ሰማኋት።

«እንኳን አልዋሸሽ፤» አለች፤ ድምፅዋ ግን ደስ ያላት ሰው አይመስልም። «ለፋሲካ ነይ ብቻ። ያንንም መለኪያ አስፈቅደሽ ይዘሽው ነይ፤ የእኔ ድስት መቶ ይገባ እንደሆን እናየዋለን።»